አሮጌ ሁሉ ቅርስ ነውን? ከወደቀ ሬዲዮ ስለሚለቀሙ ዕቃዎችና ስለ ቲዩብ አምፕሊፋየር

ስለ አገር ጉዳይ የሚጽፉ ብዙ ብዕረኞች ስላሉ እኔ ዛሬ ወደ አንዲት ትንሽ ጉዳይ ልውሰዳችሁ። ትንሽ ናት ማለቴ ከሩቅ ለሚያያት ነው እንጂ ሰው የሚገድል ኤሌክትሪክ፣ ከኪስ የሚወጣ ብዙ ዶላር፣ የአንድ ቤተሰብ ትዝታም አለባት። ጉዳዩ ከአሮጌ ሬዲዮና ቴሌቪዥን በተለቀሙ ዕቃዎች የቲዩብ አምፕሊፋየር የመሥራት ፋሽን ነው።

ለማያውቁት ባጭሩ ላስረዳ። ቲዩብ ማለት አየሩ ተመጥጦ የወጣ፣ አምፖል የሚመስል ብርጭቆ ነው። ውስጡ ያለው ክር ሲግል ኤሌክትሮን ይለቃል፤ በመካከል የተዘረጋችው ግሪድ የምትባል የሽቦ ወንፊት ደካማውን የድምፅ ምልክት ተቀብላ ብርቱውን ጅረት ታዝዛለች። ሊ ደ ፎረስት የተባለው አሜሪካዊ ይህችን ወንፊት ያስገባት እ.ኤ.አ. በ1906 ነው። እ.ኤ.አ. በ1947 በቤል ላቦራቶሪ ትራንዚስተር ከተፈለሰፈ በኋላ ቲዩብ ቀስ በቀስ ከቤታችን ወጣ። ይሁን እንጂ ጊታር ተጫዋቾችና ሸክላ አድማጮች እስከ ዛሬ አልተለዩትም፤ አሁንም ስሎቫኪያ ውስጥና ሩሲያ ሳራቶቭ ከተማ ይመረታል።

እኔ ራሴ ለቃሚ ነኝ። ይህን አስቀድሜ የምናገረው «የማያውቀውን ተቸ» እንዳልባል ነው። የጋራዥ ሽያጭ፣ የሟች ቤት ዕቃ ጨረታ፣ የአማተር ሬዲዮ ሰዎች ገበያ ያልረገጥኩት የለም። አዲስ አበባ ያደገ ሰው ደግሞ ለቀማን አይንቅም። «ቁራሌው!» እያለ በየሰፈሩ የሚዞረውን ሰው ድምፅ እየሰማን ነው ያደግነው። መርካቶ ምናለሽ ተራ የገባ ሰው የተጣለ ብረት በመዶሻ ተቀጥቅጦ የከሰል ማንደጃ ሆኖ ሲወጣ አይቷል። ስለዚህ ለቀማውን አልተችም፤ የምተቸው ለቀማው አምልኮ ሲሆን ነው። ቁራሌው የሚገዛው ዕቃ ለምን እንደሚውል ያውቃል። የዛሬው አሮጌ አምላኪ ግን ዕቃው አሮጌ በመሆኑ ብቻ ይሰግድለታል።

ይህን ጽሑፍ እንድጽፍ ያነሳሳኝ ነገር እንዲህ ነው። አንድ ወዳጄ ከወር የቤት ኪራዩ በላይ ከፍሎ የገዛውን አምፕሊፋየር ተሸክሞልኝ መጣ። የሸጠለት ሰው «ከውስጥ እስከ ውጭ ሁሉም ዕቃው የ1950ዎቹ ነው፤ አንድም አዲስ ነገር የለበትም» ብሎ እንደ ትልቅ ምስጋና ነግሮታል። ችግሩ ግን ግማሽ ሰዓት ሳይሞላ ድምፁ ይሰነጠቃል፣ ሽታም ይሸታል። መብራት አጥፍተን ስናየው 6V6 የምትባለው የመጨረሻዋ ቲዩብ ፕሌቷ እንደ ከሰል ፍም ቀልቶ ነበር። ወደ ስፒከሩ የሚወስደው ትራንስፎርመርም ሰሙን አልቅሷል።

ሜትሬን አውጥቼ ለካሁ። በዚህ ዓይነት አሠራር ግሪዷ ላይ ዜሮ ቮልት መገኘት ነበረበት፤ የተገኘው ግን 9 ቮልት ነው። ምክንያቱ የታወቀ ነው። ከፊተኛዋ ቲዩብ ወደ ኋለኛዋ ድምፁን የሚያሻግር ካፓሲተር አለ፤ ሥራው ድምፁን አሳልፎ ቀጥተኛውን ከፍተኛ ቮልቴጅ ማገድ ነው። በወዳጄ አምፕሊፋየር ላይ የተሰካው በወረቀትና በሰም የተጠቀለለ፣ ከአሮጌ ሬዲዮ የተነቀለ ነበር። ወረቀት ዓመታት ባለፉ ቁጥር እርጥበት ይጠጣል፤ እርጥበት የጠጣ ወረቀት ደግሞ ያፈሳል። እስቲ እናስላው። በፊተኛዋ ቲዩብ ፕሌት ላይ 200 ቮልት አለ፤ ካፓሲተሩ 10 ሜጋኦም ያህል ያፈሳል፤ ግሪዷን ከመሬት የሚያገናኘው ሬዚስተር 470 ኪሎኦም ነው። 200ን በ0.47 አባዝተን ለ10.47 ብናካፍል ወደ 9 ቮልት ይመጣል። 6V6 በ250 ቮልት በደህና የምትሠራው ግሪዷ ከካቶዷ በ12.5 ቮልት ያህል ዝቅ ሲል ነው። የካቶድ ሬዚስተሩ ጉዳቱን በከፊል ቢያካክስም ግሪዷ 9 ቮልት ወደ ላይ ሲገፋ ቲዩቧ ከአቅሟ በላይ ጅረት ትጠጣለች፣ ትግላለች፣ ትራንስፎርመሩንም ይዛ ትሞታለች።

ልብ በሉ፤ 10 ሜጋኦም ማለት በተራ ሜትር ለሚለካ ሰው «ደህና ነው» የሚያሰኝ ቁጥር ነው። ካፓሲተሩ አልተበላሸም ብሎ የሸጠው ሰው ምናልባት ዋሽቶ ላይሆን ይችላል። በ9 ቮልት ባትሪ የሚሠራ ሜትር ዕቃው በ200 ቮልት የሚያደርገውን ሊነግረን አይችልም። የሚለካው በሚሠራበት ቮልቴጅ ነው። ለዚህ ነው አባቶቻችን «ከመጠምጠም መማር ይቅደም» ያሉት። ያንን ካፓሲተር የሚተካ አዲስ የፕላስቲክ ፊልም ካፓሲተር ዋጋው ከሁለት ዶላር አይበልጥም። በሁለት ዶላር ምክንያት የተቃጠለው ትራንስፎርመር ግን ዛሬ በቀላሉ አይገኝም።

ወደ ፍሬ ነገሩ ልግባ። የአሮጌ ዕቃ ወገኖች የሚያቀርቡት ክርክር በሦስት ይጠቃለላል።

አንደኛው «አሮጌው ዕቃ ድምፁ ይበልጣል» የሚል ነው። በዚህ ስም ከሁሉ በላይ የሚወደሰው የካርቦን ሬዚስተር ነው፤ ያ ቡናማ፣ ባለ ቀለም ቀለበት፣ ትንሽ በርሜል የሚመስለው። ቀለበቱ ብር ከሆነ በ10 በመቶ፣ ወርቅ ከሆነ በ5 በመቶ ሊሳሳት ይችላል ማለት ነው፤ ይህ ግን ፋብሪካውን ሲለቅ ነው። ከ60 ዓመት በኋላ 100 ኪሎኦም ተብሎ የተጻፈበት 130 ሆኖ ማግኘት ለእኔ የተለመደ ነው። አብዛኛውን ጊዜ የሚሄደው ወደ ላይ ነው፤ ምክንያቱም እርጥበትና ሙቀት የካርቦኑን ቅንጣቶች ያለያያቸዋል። በላዩ ያለው ቮልቴጅ በጨመረ ቁጥር የሹክሹክታ ድምፁም ይጨምራል። የመጀመሪያዋ ቲዩብ ፕሌት ላይ ከተቀመጠ ያ ሹክሹክታ በቀጣዮቹ ደረጃዎች ሁሉ ተባዝቶ ስፒከር ላይ ይወጣል። ይህን ነው አንዳንዶች «ነፍስ ያለው ድምፅ» የሚሉት። በበኩሌ ነፍሱ የሸክላው ዘፋኝ ውስጥ እንጂ ሬዚስተሩ ውስጥ አላገኘኋትም።

ሊዮ ፌንደር እ.ኤ.አ. በ1950ዎቹ እነዚያን ዝነኛ የጊታር አምፕሊፋየሮች ሲሠራ የካርቦን ሬዚስተር የተጠቀመው በጊዜው የተለመደና በገበያ የሞላ ዕቃ ስለነበረ ነው። የ60 ዓመት ሬዚስተር እየፈለገ አልዞረም፤ የዘመኑን አዲስ ዕቃ ገዝቶ ሠራ። እንግዲህ የእሱን ፈለግ የሚከተል ማን ነው? ዛሬ አዲስና አስተማማኝ ዕቃ የሚገዛው ወይስ ጭቃ ውስጥ የሚፈልገው? ብሪታኒያዊው ዊልያምሰንም እ.ኤ.አ. በ1947 ያሳተመው፣ ዓለም ሁሉ የገለበጠው አምፕሊፋየር ዋና ድካሙ ትራንስፎርመሩ ላይ ነበር፤ ሽቦው እንዴት ተከፋፍሎ እንደሚጠመጠም ጭምር ዘርዝሯል። የዚያ ዘመን ሊቆች ድምፅ ከየት እንደሚመጣ ያውቁ ነበር።

«የዚያን ዘመን የአማርኛ ሙዚቃ ለመስማት የዚያ ዘመን ዕቃ ያስፈልጋል» የሚሉኝ ወገኖችም አሉ። አምሐ እሸቴ እ.ኤ.አ. በ1969 አምሐ ሬከርድስን ከፍቶ እስከ 1975 ያወጣቸው ሸክላዎች እኔም ዓይኔን ያስጨፍኑኛል። ነገር ግን ብዙዎቻችን ያንን ሙዚቃ የሰማነው በባትሪ ከሚሠራ ትራንዚስተር ሬዲዮ ወይም ከቡና ቤት በራፍ ላይ ነው። ሰም የለበሰ ካፓሲተር አልነበረንም፤ ቢሆንም ልባችን ተነክቷል። ናፍቆታችንን በወረቀት ካፓሲተር የሚሸጥልን ሰው ስለ ሙዚቃው ሳይሆን ስለ ናፍቆታችን ያውቃል።

ሁለተኛው ክርክር «ቁጠባ ነው፣ ቆሻሻም ይቀንሳል» የሚል ነው። ይህ እውነት አለበት፤ ቢሆንም በሂሳብ ይፈተን። አንድ የወደቀ ሬዲዮ ውስጥ ገንዘብ የሚያወጣው ብረቱ ነው፦ የኃይል ትራንስፎርመሩ፣ የስፒከሩ ትራንስፎርመር፣ ማጥሪያው ጥቅል፣ ቲዩቦቹ፣ የሸክላ ሶኬቶቹ፣ ሻሲው። አዲስ ትራንስፎርመር ውድና ከባድ ነው፤ ከባሕር ማዶ ሲላክ የመላኪያው ዋጋ ብቻ ያስደነግጣል። እነዚህን መልቀም ብልህነት ነው። ኤሌክትሮላይቲክ የሚባሉት ትልልቅ ካፓሲተሮች ግን ውስጣቸው ርጥብ ኬሚካል ስለሆነ ይደርቃሉ፤ ሥራ ሳይሠሩ በመደርደሪያ ላይ ቢቀመጡ እንኳ የሚያግደው ስስ ሽፋናቸው ይሳሳል። ቮልቴጁን በቀስታ ከፍ እያደረጉ ማስታመም ይቻላል፤ ነገር ግን የታመመ በሬ ለእርሻ ማስታመም ሌላ፣ በላዩ ቤተሰብ ማስተዳደር ሌላ ነው። ከአዲሱ ጋር ያለው የዋጋ ልዩነት ደግሞ ጥቂት ዶላር ነው። እዚህ ላይ የሚቆጥብ ሰው ሳይቸግረው ጤፍ ተበደረ።

ቁጠባ ነው የሚለውን ከሁሉ በላይ የሚያፈርሰው ገበያው ራሱ ነው። «ሳይሠራበት በካርቶኑ የቆየ» የሚል ቃል በተጻፈበት ቁጥር ዋጋው እጥፍ ይሆናል። እ.ኤ.አ. በ2022 ሩሲያ በጦርነቱ ሳቢያ ወደ ውጭ የሚወጡ ዕቃዎችን በገደበች ጊዜማ ሁሉም ያለውን ደበቀ፣ ዋጋው ሰማይ ወጣ። ከዚህ ጋር ማጭበርበሩ ይመጣል፤ የቲዩብ ብርጭቆ ላይ ያለው ጽሕፈት በጣት የሚለቅ ቀለም ስለሆነ የርካሹን አጥፍቶ የውዱን ስም ማተም ለሌባ ቀላል ነው። ድሮም ቢሆን ፋብሪካዎች አንዱ የሌላውን ምርት በራሱ ስም ይሸጥ ነበር። ስለዚህ ስም አትግዙ፤ የተለካ ቁጥር ጠይቁ። መለኪያ የሌለው ሻጭ የሚሸጠው ተስፋ ነው።

ሦስተኛው ክርክር «ቅርስ ማዳን ነው» የሚል ነው። ለእኔ ከሁሉ የሚከብደው ይህ ነው፤ ምክንያቱም እኔም በደለኛ ነኝ። ከዓመታት በፊት አንድ ወጣት ያገራችን ሰው የአባቱን ግሩንዲግ ሬዲዮ ይዞልኝ መጣ። አባትየው ያረፉት በቅርቡ ነበር። ሬዲዮው ከአዲስ አበባ ተጭኖ የመጣ፣ የእንጨት ሳጥኑ ያማረ ነው። ሽማግሌው በአጭር ሞገድ የጀርመን ድምፅን የአማርኛ ዜና ሲያዳምጡበት ኖረዋል። ሬዲዮው ይሠራ ነበር፤ ልጁ ግን በዚያን ሰሞን የሰማው ነገር ልቡን ወስዶት «ጋሼ፣ ቲዩቦቹን አውጥተህ አምፕሊፋየር ሥራልኝ» አለኝ። እኔም EL84ቷን፣ ትራንስፎርመሮቹን ነቅዬ ሠራሁለት። አምፕሊፋየሩ ጥሩ ነበር፤ ዛሬም ይሠራል። ከሁለት ዓመት በኋላ ግን ደውሎ «ጋሼ፣ ያቺ አረንጓዴ ዓይኗ የት ደረሰች?» አለኝ። ጣቢያ ሲገኝ እየጠበበች የምትጨፈን ዓይን የምትመስል ቲዩብ ነበረች፤ በልጅነቱ የአባቱ ጭን ላይ ተቀምጦ የሚያያት እሷን ኖሯል። ቲዩቧ መሳቢያዬ ውስጥ ነበረች፤ ሰጠሁት። ሬዲዮውን ግን መልሼ ልሰጠው አልቻልኩም፤ ሳጥኑንም ጥዬው ነበር።

ከዚያ ወዲህ አንድ ሕግ አለኝ፦ ከሬሳ እለቅማለሁ፣ በሕይወት ካለው አልለቅምም። ሳጥኑ የተሰባበረ፣ ግማሹ የተወሰደበት፣ ውሃ የገባው ከሆነ ብረቱን አድነዋለሁ። የሚሠራ ወይም በጥቂት ካፓሲተር ሊሠራ የሚችል ከሆነ ጠግኜ እመልሰዋለሁ። ለሁለት ቲዩብና ለአንድ ትራንስፎርመር ሲባል ሙሉ ሬዲዮ አርዶ «ቅርስ አዳንኩ» ማለት ለቆዳው ሲባል በሬ ማረድ ነው።

ይህ ሲባል ግን ልቀሙ የምላቸው ሰዎች እንዴት እንደሚለቅሙ ሳልናገር ብተው ትችቴ ባዶ ይሆናል። የስፒከር ትራንስፎርመር ብታገኙ ጽሕፈት ባይኖረውም መለካት ይቻላል። ብቻውን፣ ከምንም ሳይገናኝ፣ በስፒከሩ በኩል 1 ቮልት ተለዋዋጭ ጅረት ስጡት፤ በሌላው በኩል 25 ቮልት ካገኛችሁ የጥምጥሙ ምጥጥን 25 ለ1 ነው። 25 በራሱ ሲባዛ 625፤ በ8 ኦም ስፒከር ሲባዛ 5,000 ኦም፤ ይህ ደግሞ ለአንዲት 6V6 የሚስማማ ጭነት ነው። 4 ዋት ተኩል ያህል ታገኛላችሁ። ብረቱ ትንሽ ከሆነ ግን ወፍራሙን ድምፅ አትጠብቁበት፤ የተሠራው ዜና ለመስማት ነው።

የኃይል ትራንስፎርመሩ ሌላ ነገር አለበት። እዚህ አሜሪካ ያኔ የተሠራው ለ117 ቮልት ነው፤ ዛሬ ከግድግዳዬ የምለካው 123 ነው። ስለዚህ 6.3 መሆን የነበረበት የክር ቮልቴጅ 6.6 ይሆናል፤ ከፍተኛውም ቮልቴጅ በዚያው ልክ ይጨምራል። ለ60 ሳይክል ብቻ የተሠራውን ደግሞ ወደ አገር ቤት ወስዳችሁ ከ220 ወደ 110 በሚቀንስ ሳጥን ላይ ብትሰኩት ቮልቴጁ ቢስተካከልም የአገራችን መብራት 50 ሳይክል ስለሆነ ብረቱ ይጠግባል፣ ይግላል። ለዘመድ ስጦታ አምፕሊፋየር የምትልኩ ይህን አትርሱ።

ከሁሉ በላይ ግን የማስጠነቅቀው ስለ ሕይወት ነው። ያቺ በየጋራዡ የምትገኘው ትንሽ ባለ አምስት ቲዩብ የአሜሪካ ሬዲዮ የኃይል ትራንስፎርመር የላትም። የቲዩቦቿ ክሮች በተከታታይ ታስረው ቮልቴጃቸው ሲደመር ወደ 120 ስለሚጠጋ በቀጥታ ከግድግዳው ትሰካለች። ከዋናው መስመር አንዱ ወገን በቀጥታ ወይም በካፓሲተር በኩል ከሻሲው ጋር ሊገናኝ ይችላል። ከእሷ የጊታር አምፕሊፋየር ሠርቶ ብረት ገመድ ያለው ጊታር ለልጅ እጅ መስጠት፣ በመካከል መነጠያ ትራንስፎርመር ሳያስገቡ ከሆነ፣ ልጁን ከግድግዳው ጋር ማሰር ነው። አምፕሊፋየር ተነቅሎም ቢሆን ካፓሲተሮቹ ውስጥ 300 ቮልት ሊያድር ይችላል፤ በሬዚስተር አራግፉት፣ በሜትር አረጋግጡ፣ ከዚያ እጃችሁን አግቡ። በዘይት የተሞሉ አሮጌ ካፓሲተሮች ፒሲቢ የሚባል መርዝ ሊኖራቸው ይችላል፤ አሜሪካ ምርቱን የከለከለችው እ.ኤ.አ. በ1979 ነው። ስለዚህ አትክፈቱ፣ አታቃጥሉ። ሴሌኒየም የተባለው የድሮ ጅረት ማቅኛም ሲቃጠል የሚያወጣው ክፉ ሽታ መርዝ ነው፤ አውጡትና በዳዮድና በሬዚስተር ተኩት።

ለማጠቃለል፣ የወዳጄን አምፕሊፋየር አልጣልኩትም። ሻሲው፣ ሶኬቶቹ፣ የኃይል ትራንስፎርመሩ ደህና ስለነበሩ ተውኳቸው። ከመጋዘኔ ከአንድ የሞተ ሬዲዮ የለቀምኩትን የስፒከር ትራንስፎርመር ሰጠሁት። ካፓሲተሮቹንና ሬዚስተሮቹን በሙሉ በአዲስ ተካሁ፤ ባለ ሦስት እግር ሶኬትና ፊውዝ ጨመርኩ። የአዲሶቹ ትንንሽ ዕቃዎች ድምር ከ30 ዶላር አላለፈም። ሲጨርስ የቆየ ሸክላ አስቀመጥንበት። ወዳጄ ለጥቂት ጊዜ ዝም ብሎ ካዳመጠ በኋላ «እንግዲህ የ1950ዎቹ ነው ብዬ ልሸጠው አልችልማ?» አለኝ። «አትችልም» አልኩት። «እንግዲያስ አልሸጠውም» አለና ቮልዩሙን ከፍ አደረገው።

የምታድኑትን ከማንሳታችሁ በፊት ለኩ፤ የሚሸጥላችሁንም ሰው ጠይቁ። ቸር ይግጠመን።